ትብሊሲና ካኬቲ በአንድ ቀን፦ ለባልና ሚስት የሚሆን የሙዚየምና የወይን ጉዞ አሠራር

ይህ ጽሑፍ ስለ ጆርጂያ ነው፤ አትላንታ ስላለችበት የአሜሪካ ግዛት ሳይሆን በካውካሰስ ተራሮች ሥር ስላለችው አገር። ትብሊሲ ዋና ከተማዋ ናት፤ ካኬቲ ደግሞ በስተምሥራቅ ያለው የወይን ክፍለ ሀገሯ ነው። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ዱባይ ስለሆነ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚርቀን፤ እስካሁን ሁለት ጊዜ ሄደናል። የመጀመሪያው ጊዜ በአንድ አስጎብኚ ድርጅት መኪና ከሌሎች ሃያ ሰዎች ጋር ሆነን በአንድ ቀን አምስት ወይን ቤት ዞርን። በእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ትንሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ ተነሡ ወደ መኪና። ማታ ሆቴል ስንገባ የትኛውን ወይን የት እንደቀመስን ሁለታችንም መለየት አቃተን።

በሁለተኛው ጉዞ ሁለት ሙዚየም፣ አንድ ገዳም፣ አንድ ወይን ቤት፣ ከዚያ በላይ የለም ብለን ወሰንን። ሙዚየሙንም ከወይኑ አስቀደምን። ዛሬም ድረስ የምናወራው ያን ቀን ነው። ብርጭቆው ከመቅረቡ በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ ስላየን፣ የቀመስነው ሁሉ ትርጉም ነበረው። ከዚህ በታች ያለው ያ ቀን እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ሰዓቱን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ከሹፌር ጋር ስትነጋገሩ ግን በእነሱ ተናገሩ፤ የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ለእሱ 10 ነው። በጽሑፍ ብትልኩለት ይሻላል።

ከመነሣታችሁ በፊት

ቀኑን ምረጡ። ሰኞ አይሆንም፤ ሙዚየሞቹ ሰኞ ዝግ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የከተማው ሰው ሁሉ ወደ ወይን አገር ስለሚወጣ፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ካሉት ቀኖች አንዱን ያዙ። ወቅቱን መምረጥ ከቻላችሁ መስከረምን የሚያህል የለም። "ርትቬሊ" የሚሉት የወይን ለቀማ የሚደምቀው የእኛ አዲስ ዓመት በገባ ሰሞን ሲሆን እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በየመንደሩ ዘለላ የጫነ መኪና ያልፋል፤ አየሩ ራሱ ድፍድፍ ድፍድፍ ይሸታል።

ቪዛው እንደ ፓስፖርታችሁና እንደ መኖሪያ ፈቃዳችሁ ይለያያል፤ ሕጉም ስለሚቀያየር ቲኬት ሳትቆርጡ ከመንግሥታቸው ድረ ገጽ አረጋግጡ። የጤና መድን ወረቀትም በእጃችሁ ይኑር።

መኪና ተከራይታችሁ ራሳችሁ ልንዳ እንዳትሉ። የመጣችሁት ልትቀምሱ ነው፤ አንዱ መሪ ይዞ ሌላው ብርጭቆ ከያዘ ቀኑ የአንድ ሰው ብቻ ይሆናል። "ማርሽሩትካ" የሚባለው ሚኒባስ ከሳምጎሪ ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ይነሣል፤ ርካሽ ነው፣ ችግሩ መመለሻው ነው። ከሲግናጊ፣ ማለትም ከምንሄድባት የካኬቲ ከተማ፣ የሚነሣው የመጨረሻው መኪና ገና ወይኑ ሳይቀዳ ይሄድባችኋል። ስለዚህ ለቀኑ ሙሉ ሹፌር ያዙ። በቦልት ወይም ጎትሪፕ በሚባለው የአገሬው መተግበሪያ ይገኛል፤ ያረፋችሁበት ቤት ባለቤትም የሚያውቀው ሰው አይጠፋውም። ዋጋውን ከነመጠበቂያው ቀድማችሁ ተስማሙ፤ የምትቆሙበትን ቦታ ሁሉ ዘርዝራችሁ ላኩለት። መንገድ ላይ "አንድ ጥሩ ሱቅ አለ" ካላችሁ "ማድሎባ" በሉት፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ከዕቅዳችሁ ግን አትውጡ።

ወይን ቤቱን ከአንድ ቀን በፊት ደውላችሁ ወይም በዋትስአፕ ጽፋችሁ አስይዙ። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ መሬት ውስጥ የተቀበረ ክቬቭሪ (ወይን የሚጠመቅበት የሸክላ ጋን) አላችሁ ወይ? ወይኑን የሚጠምቀው ሰው ራሱ ይቀበለናል ወይ? ለሁለቱም አዎ የሚል ቤት በቂ ነው። ሲግናጊ ከተማው ውስጥ በእግር የሚደረሱ አነስተኛ የቤተሰብ ወይን ቤቶች አሉ፤ እኔ ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች እነዚህን አስበልጣለሁ።

ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ። ለገዳሙ ነው። ጫማው ደግሞ ለድንጋይ ንጣፍ የሚሆን ይሁን።

1. ከጠዋቱ 4 ሰዓት፦ ትብሊሲ፣ ሩስታቬሊ ጎዳና

የሲሞን ጃናሺያ ሙዚየም፣ ማለትም ብሔራዊ ሙዚየሙ፣ በር ሲከፈት ግቡ። ሁሉን አያለሁ ብሎ መነሣት እዚህ አይሠራም፤ ያላችሁ ከሁለት ሰዓት የማይበልጥ ጊዜ ነው። ሦስት ነገር ፈልጉ።

አንደኛው የድማኒሲ ሰዎች ናቸው። ከትብሊሲ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ድማኒሲ የተቆፈሩት የራስ ቅሎች ወደ 1.8 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አላቸው፤ ከአፍሪካ ውጭ ከተገኙት የሰው ዘር ቅሪቶች ውስጥ ከሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም እሷን አይቶ ያደገ ሰው እዚህ ሲቆም፣ ከእኛ በኩል የተነሣው ጉዞ የደረሰበትን እያየ ነው። ከቅሎቹ አንዱ ላይ ዐይናችሁን ጣሉ፤ መንጋጋው ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ የነበረበት ቦታ አጥንቱ ተደፍኗል። ሰውዬው ጥርሱን ካጣ በኋላ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው። ሰው ሳይረዳው አልቀረም ያሉ ተመራማሪዎች አሉ። ባለቤቴ እዚያ ጋ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ በኋላ ስጠይቀው እናቱን አስቦ እንደነበር ነገረኝ።

ሁለተኛው የወርቅ ክፍሉ ነው። ኮልኪስ ከሚባለው የጥንት መንግሥት ከተማ ከቫኒ የወጣውን፣ ትናንሽ ኤሊዎች የተንጠለጠሉበትን ሐብል ተጠግታችሁ እዩት። የኤሊዎቹ ጀርባ የጤፍ ቅንጣት በሚያህሉ የወርቅ እንክብሎች ተሸፍኗል። ከጽኖሪ የተገኘችውን ትንሽ የወርቅ አንበሳም አትለፏት፤ ጽኖሪ ከሰዓት በኋላ ከሲግናጊ ግንብ ላይ ቁልቁል የምታዩዋት ከተማ ናት።

ሦስተኛው የወይኑ መነሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ ከትብሊሲ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚገኙ ጋዳችሪሊ ጎራና ሹላቬሪ ጎራ ከሚባሉ ጥንታዊ መንደሮች በተቆፈሩ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የወይን ጠጅ ቅሪት መገኘቱን አሳይቷል። ዕድሜው 8,000 ዓመት ገደማ ነው። በዚያ ዘመን የተሠራ፣ ዘለላ የሚመስል ጉብታ የተለጠፈበት የሸክላ ጋንም አላቸው። ለኤግዚቢሽን ወደ ሌላ አገር የሚሄድበት ጊዜ ስላለ መግቢያው ላይ ጠይቁ።

ስለ ባልና ሚስት አንድ ነገር ልበል። ሙዚየም ውስጥ የሁለት ሰው እግር እኩል አይሄድም። እኔ የተጻፈውን ሁሉ ካላነበብኩ አልነቃነቅም፤ እሱ ዞር ዞር ብሎ አንድ ነገር ፊት ይቆማል። አንዱ ሌላውን ሲጎትት ቀኑ በጠዋት ይበላሻል። አሁን የምናደርገው፣ ለአርባ ደቂቃ እንለያይና እያንዳንዳችን አንድ አንድ ነገር መርጠን እንገናኛለን፤ ከዚያ እኔ የእኔን አሳየዋለሁ፣ እሱ የእሱን ያሳየኛል። ጥርስ የሌለውን አዛውንት ያሳየኝ እሱ ነው፤ እኔ ብቻዬን ብሆን አልፌው ነበር።

2. ከቀኑ 6 ሰዓት፦ መንገዱ

ሲግናጊ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ክፍለ ሀገሩን እኛ ካኬቲ እንበለው እንጂ በሰዎቹ አፍ "ቃኸቲ" ነው። በነገራችን ላይ የጆርጂያ ቋንቋ እንደ እኛው ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ ስላለው ፈረንጅ ምላሱ የሚታሰርበትን ቃል አማርኛ ተናጋሪ በቀላሉ ይጠራዋል። "ርካጺቴሊ" ብላችሁ ጸን አጥብቃችሁ የወይኑን ስም ስትጠሩ የቤቱ ባለቤት ፊት ሲበራ ታያላችሁ።

መንገድ ዳር "ቶኔ" ከሚሉት የሸክላ ምድጃ ትኩስ ዳቦ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ሹፌሩን አቁሙት። ዳቦው ከምድጃው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስለሚጋገር ረዘም ብሎ ሁለት ጫፉ ይሾላል። በአይብ ብሉት። ባዶ ሆድ ወይን ቤት መግባት የለባችሁም።

3. ከቀኑ 8 ሰዓት፦ ሲግናጊ

በመጀመሪያ ምሳ፤ ግን ቀለል ያለ። የጾም ቀን ከሆነባችሁ ወይም ረቡዕና ዓርብ ከገጠማችሁ "ሳማርኽቮ" በሉ። የእነሱ ቃል ነው፣ የጾም ማለት ነው፤ እነሱም ስለሚጾሙ ማንም ግራ አይጋባም። ባቄላ የሚመስል "ሎቢዮ" በሸክላ ድስት ይመጣል፣ በዋልነት የተለወሰ ቅጠላ ቅጠልና ደበርጃንም ይቀርባል። የፍስክ ከሆነ "ኺንካሊ" አለ፤ በእጅ ተይዞ ከጎኑ ተነክሶ መረቁ ቀድሞ ይመጠጣል።

ከዚያ የሲግናጊ ሙዚየም። ትንሽ ናት፤ አንድ ሰዓት ይበቃል። ታች ያለውን አርኪዮሎጂ ቶሎ ብላችሁ እለፉና ኒኮ ፒሮስማኒ ጋ ውጡ። ሰውዬው እዚሁ ካኬቲ ውስጥ ሚርዛኒ በሚባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1862 የተወለደ፣ ማንም ሥዕል ያላስተማረው፣ ለትብሊሲ መጠጥ ቤቶች ሥዕልና ማስታወቂያ እየሣለ በምግብና በመጠጥ ይከፈለው የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 በድህነት ሞተ። ብዙውን የሣለው ጥቁር የሰም ጨርቅ ላይ ነው፤ ጥቁር የሚያስፈልገውን ቦታ ሳይቀባ ይተወዋል። ግብዣ የሚያሳዩ ሥዕሎቹን ስታዩ የእኛ የግብር ሥዕል ትዝ ይላችኋል፦ ሰዎቹ በገበታው ዙሪያ ተደርድረው፣ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው፣ ዐይናቸው ተከፍቶ። ቀንድ ዋንጫ የያዘውን ሰው ልብ በሉ፤ ማታ እናንተም እንዲህ ያለ ገበታ ላይ ትቀመጣላችሁ።

ስትወጡ ግንቡ ላይ ጥቂት ተራመዱ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ዳግማዊ ኤሬክሌ የታነጸ ሲሆን 23 መጠበቂያ ማማዎች አሉት። ከታች የአላዛኒ ሸለቆ፣ ከማዶ ተራራው።

4. ከቀኑ 10 ሰዓት፦ ቦድቤ ገዳም

ገዳሙን ከወይኑ በፊት ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። ጠጥቶ ገዳም መግባት ነውር ነው። ከከተማው 2 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

የሴቶች ገዳም ሲሆን የቅድስት ኒኖ መቃብር ያለበት ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጆርጂያን ንጉሥ ሚሪያንን ያሳመነችው እሷ ናት፤ በእኛ በኩል ንጉሥ ኢዛና ያመነበት ዘመን መሆኑ ነው። መስቀሏን ከወይን ሐረግ ሠርታ በገዛ ጠጉሯ እንዳሰረችው ይተርካሉ፤ የመስቀሉ ሁለት ክንፎች ወደ ታች ዘንበል ያሉት ለዚህ ነው። ያ መስቀል ትብሊሲ ሲዮኒ ካቴድራል ውስጥ ይገኛል። በዚህ አገር ወይንና እምነት አንድ ላይ መምጣታቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ተዋሕዶ የሆናችሁ፣ የእነሱ ቤተ ክርስቲያን የኬልቄዶንን ጉባኤ የምትቀበል ስለሆነች ቁርባን አንካፈልም። መሳለምና ጧፍ ማብራት ግን የሚከለክላችሁ የለም። ከገዳሙ በታች በደረጃ የሚወረድበት የቅድስት ኒኖ ጠበል አለ። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ መውጫው ደግሞ ይከብዳል፤ ጉልበት ካላችሁ ብቻ ውረዱ።

5. ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል፦ ማራኒ

"ማራኒ" ወይኑ የሚጠመቅበት ቤት ነው። ስትገቡ ጋን ትፈልጋላችሁ፣ ግን አታዩትም፤ የሚታየው ወለሉ ላይ ክብ ክብ አፍ ብቻ ነው። ክቬቭሪው እስከ አንገቱ ተቀብሯል። ቅርጹ እንደ እንቁላል ሆኖ ታቹ ሾጠጥ ያለ ነው። መሬቱ ክረምት ከበጋ ሙቀቱን ስለሚጠብቅለት ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። ዩኔስኮ ይህን የአጠማመቅ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2013 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

እንዴት እንደሚጠመቅ አስረዱን በሉ፤ ጠላና ጠጅ ሲጠመቅ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ወይኑ ተረግጦ ጭማቂው ከነልጣጩ፣ ከነፍሬው፣ አንዳንዴም ከዘለላው እንጨት ጋር ይገባል። እርሾ አይጨመርም፤ በራሱ ይፈላል። ወደ ላይ የሚወጣውን ድፍድፍ በቀን ጥቂት ጊዜ በረጅም እንጨት እየደፈቁ ይመልሱታል። መፍላቱ ሲበርድ አፉ ይመረግና አምስት ስድስት ወር ይቀመጣል። አተላው ሾጣጣው ታች ላይ ይዘቅጣል፣ ንጹሑ ከላይ ይጠልላል፤ ያ ቅርጽ ያለ ምክንያት አልተሠራም። የጋኑ ውስጥ በንብ ሰም የተለበጠ ነው። ሲጸዳ ደግሞ በቼሪ ዛፍ ልጣጭ በተሠራ መፈግፈጊያ ነው የሚታሸው። እኔ እናቴ ጋኑን በግራዋ ስታጥብና በወይራ ስታጥን የነበረውን ለወይን ጠማቂው ነገርኩት። ስልኩን አውጥቶ የግራዋን ፎቶ አሳዪኝ አለኝ።

ከዚያ አንዱን አፍ ከፍቶ፣ ረጅም እጀታ በተገጠመለት ቅል ጠልቆ ቀዳልን። ቅል ነው፤ የእኛው ቅል።

አቀማመሱ በዚህ ተራ ይሁን፦

መጀመሪያ ርካጺቴሊ ከክቬቭሪ። ነጭ ወይን ነው ይባላል፣ ነገር ግን ከልጣጩ ጋር ስለከረመ ቀለሙ የጠጅ ነው። ጠጅ መስሏችሁ ጣፋጭ ከጠበቃችሁ ትደነግጣላችሁ። ደረቅ ነው፤ እንደ ወፍራም ሻይ ድድ ይይዛል፣ በኋላ የደረቀ አፕሪኮት ጣዕም ይመጣል። የመጀመሪያው ጉንጭ አይፍረድ። አይብና ዋልነት ብሉበትና ተመለሱበት።

ቀጥሎ ሳፔራቪ። ስሙ ማቅለሚያ እንደማለት ነው፤ የፍሬው ሥጋ ራሱ ቀይ ስለሆነ ምላስና ጥርስ ያቀላል። ከሥጋ ጋር ይሄዳል።

አክሱሚት የለመደ አፍ ካላችሁ ኪንዝማራውሊ ካላቸው ጠይቁ፤ ከሳፔራቪ የሚሠራ ለስለስ ያለ ጣፋጭ ነው። ይህ ከደረቆቹ በኋላ ይምጣ፤ ከቀደመ ሌላውን ሁሉ ያመርራል።

"ቻቻ" ካቀረቡላችሁ ከወይኑ ጭማቂ ቀሪ የሚወጣ አረቄ ነው። ከንፈር አስነክታችሁ አስቀምጡት። በየመካከሉ ውሃ ጠጡ፤ ብርጭቆውን አለመጨረስም ነውር አይደለም።

ገበታ ከተዘረጋ ሥርዓት አለው። "ታማዳ" የሚባል ምርቃት መሪ ይኖራል፤ እሱ ሳይናገር አይጠጣም። ለሰላም፣ ለሞቱት፣ ለወላጆች፣ ለእንግዳ እያለ ይቀጥላል፤ በመጨረሻ "ጋኡማርጆስ" ይባላል። አንድ ቃል እንድትናገሩ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ መኪና ውስጥ ሳላችሁ አስቡበት። ባለቤቴ እንግሊዝኛው ሲያንሰው በአማርኛ ልመርቅ አለ። ቤታችሁ ይሙላ፣ ጋናችሁ አይጉደል፣ ልጆቻችሁ ይባረኩ ሲል ቃሉን የተረዳሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ "አሜን" ስል ግን አሮጊቷ እናት ከጓዳው "አሚን" ብለው መለሱ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ውጭ ውጡ። ለሹፌሩ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ብላችሁ ቀጥሩት፤ በእሱ 19:30 መሆኑ ነው። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ትብሊሲ ትገባላችሁ።

6. የምትይዙት

ከሁለት ጠርሙስ በላይ አትግዙ፤ አንድ ርካጺቴሊ፣ አንድ ሳፔራቪ። ጠርሙሱ ላይ የክቬቭሪ መሆኑ መጻፉን እዩ። በእጅ ሻንጣ ስለማይገባ በተራ ልብስ ሳይሆን በወፍራም ሹራብ ጠቅልላችሁ፣ በፕላስቲክ ቋጥራችሁ፣ በትልቁ ሻንጣ መሐል አስቀምጡት። በፕላስቲክ ዕቃ የሚቀዳ የቤት ወይን ቢሰጧችሁ ትብሊሲ ላይ ጨርሱት፤ አውሮፕላን ላይ ያፈሳል። ወደ ኩዌት ወይም ወደ ሳዑዲ የምትመለሱ ከሆነ ግን አንድም ጠርሙስ አትያዙ፤ አልኮል ይዞ መግባት ክልክል ነው። ለእናንተ የሚሆነው "ቹርችኸላ" ነው፦ ዋልነት በክር ተሰክቶ፣ ዱቄት ገብቶበት በወፈረ የወይን ጭማቂ ልክ እንደ ጧፍ ደጋግሞ እየተነከረ የሚደርቅ። ለወራት አይበላሽም፤ ክሩን ሳቡና ቆራርጣችሁ ከቡና ጋር አቅርቡት።